የጋሼ የመጨረሻ ኳስና የእኔ ደብተር

ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር፣ ጥርስ ሐኪም ነኝ ያልኩ ይመስል ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋል። ተማሪዎቼ ለፈተና ቀመር ይሸመድዳሉ፤ ፈተናው ሲያልቅ ይረሱታል፤ ከተመረቁ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለማልቀይረው ኮት ያነሱልኛል። ስለዚህ ቀራንዮ ቤት ተከራይቼ በገባሁ በስድስተኛው ወር፣ የሰፈሩ እድር የቦቼ ቡድን "ቁጥር የሚያውቅ ሰው ፈልገን ነበር" ብሎ ሲጠራኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ጥሪ የደረሰኝ መሰለኝ።

የቦቼው ሜዳ ከእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ጀርባ ነው። አንድ ወገኑ የቆርቆሮ አጥር፣ ሌላው ወገኑ የተደረደረ ብሎኬት፣ መካከሉ እንደ ኮሪደር የረዘመ የተደለደለ አፈር። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ መለዋወጫ ሳይጠይቅ የሚሠራው ቦቼ ብቻ ይመስለኛል። አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ኳስ ቀድማ ትወረወራለች። ከዚያ በየቡድኑ አራት ሰዎች አንድ አንድ ትልቅ ኳስ እያንከባለሉ ወደ እሷ ለመጠጋት ይሞክራሉ። ኳሱ የራቀበት ቡድን ተራውን ይወስዳል፤ ኳሶቹ ሁሉ ሲያልቁ ለትንሿ የቀረበው ቡድን ነጥብ ያገኛል። አሥራ ሁለት ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ላይ የእኛ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ።

የትም ያልተጻፈ አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ የመጨረሻዋ ኳስ የታላቅ ናት። የቡድኑ ታላቅ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ጡረተኛ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው። ሁሉም "ጋሼ" ይላቸዋል፤ እኔም ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሜዳውን በአካፋ የደለደሉት እሳቸው ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የእድሩ ዳኛ የነበሩትም እሳቸው ናቸው፤ ለቅሶ የገባበት ቤት ሁሉ ድንኳኑ ሳይተከል ቀድመው ይደርሱ ነበር አሉ። ሦስቱ የቡድኑ አባላት ኳሳቸውን ወርውረው ሲጨርሱ፣ ጋሼ ባርኔጣቸውን ብሎኬቱ ላይ ያስቀምጡና የመጨረሻዋን ይዘው ይቀርባሉ። ያኔ ሜዳው ጸጥ ይላል።

ቡድኑ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ያስፈለገው በየዓመቱ አንድ ጊዜ የሚገጥማቸው የሳንሱሲ ሰፈር ቡድን ሁለት ዓመት በተከታታይ ስላሸነፋቸው ነው። የተሸነፉበትን ምክንያት ስጠይቅ አንዱ ነፋስ ነው አለኝ። ሌላው ሜዳው ወደ እነሱ ያዘነብላል አለኝ፤ ሁለቱም ቡድን ከአንድ ጫፍ እየወረወረ ሜዳ ወደ አንዱ እንዴት እንደሚያዘነብል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሦስተኛው ደግሞ ዓይኑ ከባድ የሆነ ተመልካች ነበረ አለኝ፤ ሰውዬው ምን ዓይነት ጃኬት እንደለበሰ ሳይቀር ያስታውሳል። ስለ መጨረሻዋ ኳስ ግን አንድም ሰው አልተነፈሰም።

በመጨረሻ ነገሩን ያነሳው ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ መካኒኩ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ እጁ ከግራሶ የማይጸዳ፣ በቡድኑ ውስጥ ኳስ በኃይል መምታት የሚችል ብቸኛው ሰው ነው። ጋሼ ያልመጡበትን ቀን ጠብቆ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "እንዲያው ነገሩን... መጨረሻ ላይ ማን ይወርውር የሚለውን... በጥናት ብናደርገው?" አለ። ሁሉም ከአፉ ነጠቁት። በጥናት! ምን የመሰለ ሐሳብ ነው! ዘመኑ የጥናት ነው! እኔም ይህን ሁሉ ደስታ ለሳይንስ ያላቸው ፍቅር አድርጌ ወሰድኩት። ልቤ አበጠ።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ ከርሊንግ የሚባል የፈረንጅ ጨዋታ እያየሁ ነበር። ጨዋታው የቦቼ የበረዶ ዘመድ ነው። እጀታ ያለው ከባድ ድንጋይ በረዶ ላይ ያንሸራትታሉ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጋሉ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና "እዚህ ቤት መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥ የማታውቅ ሰውዬ፣ ሰው ሲጠርግ ማየት ነው እንዲህ አፍዝዞ ያስቀመጠህ?" አለችኝ። እኔን የያዘኝ መጥረጊያው አልነበረም። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሰዎቹ ቆም ብለው ያሰላሉ። ስንት ዙር ቀረን? በስንት እንመራለን? የመጨረሻው ድንጋይ በማን እጅ ነው? ለዓመታት የተመዘገበ ቁጥር አላቸው፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ እንዲህ ያደረገ ቡድን ስንት ጊዜ አሸነፈ የሚል። አንዳንዴም የመጨረሻውን ድንጋይ ለሚቀጥለው ዙር ለማቆየት ብለው አንድ ነጥብ እያዩ ይተዉና ዙሩን ሆን ብለው ባዶ ያደርጉታል። ነጥብ አልፈልግም የሚል ቡድን! እኛ ዘንድ ቢሆን "ተሽጧል" ይባል ነበር።

ቦቼም የራሱ ባዶ ዙር አለው። አንድ ሰው ትንሿን ኳስ በኃይል መትቶ ከሜዳ ካስወጣት ዙሩ ይሰረዛል፤ ከአዲስ ይጀመራል። እንግዲህ በጨዋታው መጨረሻ ላይ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ በመካኒኩ ምት ዙሩን መሰረዝ ይሻላል ወይስ በጋሼ የመጨረሻ ኳስ ነጥቡን መሞከር? ለዚህ ደግሞ የጋሼ የመጨረሻ ኳስ ከአራት ስንት ጊዜ እንደሚሳካ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለካሬ ደብተር ገዛሁ።

አሥር ቅዳሜ፣ የሰፈሩ ሰዎች ቡድን ተከፋፍለው እርስ በርስ ሲጫወቱ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ መዘገብኩ። ዙሩ ስንተኛ ነው፣ ማን ይመራል፣ የመጨረሻዋን ኳስ ማን ወረወረ፣ ዙሩን ማን ወሰደ። የጋሼን ቡድን ከሌሎቹ ጋር አወዳደርኩ። ሌላ ሰው የመጨረሻዋን ሲወረውር ክርክር ይነሳል፤ ርቀቱ የሚለካበት ሲባጎ ይመጣል፣ ሁለት ሰው ይንበረከካል፣ አንዱ ሲባጎውን ጎተትከው ብሎ ይቆጣል። ጋሼ ሲወረውሩ ግን ኳሷ ገና ሳትቆም "የጋሼ ናት!" ይላል አንዱ፤ ተጋጣሚዎቹም ራሳቸው "የእርስዎ ናት፣ የእርስዎ ናት" ብለው ኳሶቹን ይሰበስባሉ። ሲባጎ የሚባል ነገር አይነሳም። እኔ ምን አደረግኩ? በደብተሩ ጠርዝ ላይ "ያላከራከረ" የሚል አዲስ ረድፍ ከፈትኩ። የጋሼ አወራወር ምን ያህል ጥራት ቢኖረው ነው ተጋጣሚ እንኳ የማይከራከረው ብዬ ተደነቅኩ። አንድ ሁለቴ ኳሳቸው ራቅ ያለች መስሎኝ ነበር፤ ግን እኔ ከወንበር ላይ ሆኜ ነው የማየው፣ ቅርብ የቆሙት ሰዎች ይሻሉ ነበር። ለሃያ ዓመት ለተማሪዎቼ መረጃው ከየት እንደመጣ ጠይቁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ጋሼ የመጨረሻዋን ኳስ ይዘው ከቀረቡባቸው ዙሮች ከየአራቱ ሦስቱን ቡድናቸው ወስዷል። ከሌላ ሰው አንድም የሚጠጋቸው አልነበረም፤ መካኒኩ ከግማሽ በታች ነበር። ግራፉን በትልቅ ወረቀት በቀይና በሰማያዊ ሠርቼ፣ እድሩ የለቅሶ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ሰሌዳ ላይ ሰቀልኩት። አንዲት እናት ሲያልፉ አይተውት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ደግሞ ማን ሞተብን?" አሉ። "ማንም አልሞተም እማማ፣ ጥናት ነው" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ጋሼም በተገኙበት፣ ውጤቱን አነበብኩ። "በቁጥር የተረጋገጠው ይህ ነው" አልኩ አፌን ሞልቼ። "ጨዋታ ሲያልቅ ዙር መሰረዝ ኪሳራ ነው። የመጨረሻዋ ኳስ በጋሼ እጅ እስካለች ድረስ መንገዱን መጥረግና ለእሳቸው መተው ነው።" ማንም አላጨበጨበም። መካኒኩ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን ግራሶ መመርመር ጀመረ። አንዱ አጥሩን አየ፣ ሌላው ስልኩን አወጣ። ጋሼ ግን ግራፉ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ቀዩን ዓምድ በጣታቸው ከታች እስከ ላይ ተከትለው "ይሄ እኔ ነኝ?" አሉኝ። "እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። የሌሎቹን ዝምታ በማስረጃ መረታት ነው ብዬ ተረዳሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የሳንሱሲ ግጥሚያ ቀን ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ሄድን። እኔ ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ ፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ያን ዕለት አሰልጣኝ ያልሆንኩት በስም ብቻ ነው። የሳንሱሲ ሜዳ ከእኛው የተለየ አልነበረም፤ ወደ ማንም አያዘነብልም። ጨዋታው ተናንቆ ሄደና አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ደረሰ። አንድ ነጥብ ያገኘ አሸናፊ ነው። በዚያ ዙር ሳንሱሲዎች አራቱንም ኳሶቻቸውን ጨርሰዋል፤ የመጨረሻቸው ከትንሿ ኳስ አንድ ስንዝር ላይ ቆማለች። እኛ ሁለት ቀርተውናል፤ የመካኒኩና የጋሼ።

ከርሊንግ ላይ ያየሁት ሰዓት በሕይወቴ መጣ። መካኒኩ ወደ እኔ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ትንሿን ላውጣት፤ ዙሩ ይሰረዝ፣ ከአዲስ እንጀምር" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት። "ከአዲስ ብንጀምር ግማሽ በግማሽ ነን። በጋሼ ኳስ ከአራት ሦስት ነን።"

"መምህር፣ ተው።"

"ምክንያትህን ንገረኝ።"

ምክንያቱን ሊነግረኝ አፉን ከፈተ። ጋሼ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ኳሳቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። መካኒኩ አፉን ዘጋ። ሌሎቹንም አየኋቸው፤ ሁሉም የሆነ ነገር በዓይናቸው ሊነግሩኝ ይሞክራሉ፣ እኔ ደግሞ ዓይን ማንበብ አላጠናሁም። ደብተሩን ገልጬ ገጹን በጣቴ መታሁለት። መካኒኩ ትከሻውን ሰበቀና ኳሱን በቀስታ፣ መንገድ በማይዘጋበት ጠርዝ በኩል አንከባሎ ተወው።

ጋሼ ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጎንበስ አሉ። አወራወራቸው ያምራል፤ እጃቸው ወደ ኋላ ሲሄድ ሰማንያ ዓመት አይመስሉም። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ የሳንሱሲዎቹን ኳስ አልፋ፣ ትንሿን አልፋ፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። ማንም "የጋሼ ናት" አላለም። ከሳንሱሲ ቡድን ሜትር የያዘች ሴት ቀረብ ብላ አየችና ሜትሩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። "ይቅርታ አባባ፣ ይሄ መለካትም አያስፈልገው" አለቻቸው በትሕትና። ሳንሱሲዎች ጨፈሩ።

እኔ እዚያው ቆሜ አንድ ጨዋታ ምንም አያረጋግጥም፣ የናሙናው ብዛት አነስተኛ ነው እያልኩ ሳብራራ፣ መካኒኩ ክንዴን ይዞ ሜዳው ዳር ወዳለው ቧንቧ ጎተተኝ።

"ስማ፣ ምን ነካህ?" አለኝ። "ጋሼ ሰፈራችን ላይ የሚያሸንፉ መስሎህ ነው? እኛ ነን እኮ የምንሰጣቸው!"

"ተጋጣሚዎቹ ጭምር?"

"እነሱስ የሰፈሩ ልጆች አይደሉም እንዴ? የአባቴን ሬሳ ከሆስፒታል አውጥተው፣ ፊት ፊት ሄደው የቀበሩልኝ ሰው ናቸው። ኳሳቸውን በሲባጎ ልለካባቸው?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እሳቸው ፊት?" አለኝ እጁን ከቧንቧው ሥር እያሸ። "ጥናት ብለን የጠራንህ እኮ እኛ ማለት ያቃተንን አንተ እንድትልልን ነው። አንተ ሆዬ፣ ግራፍ ሠርተህ መጣህ!"

ኩም አልኩ። ያቺ "ያላከራከረ" ብዬ የከፈትኳት ረድፍ ትዝ ስትለኝ ፊቴ ጋለ። አሥር ቅዳሜ ሙሉ የለካሁት አወራወር ሳይሆን ይሉኝታ ነበር፤ እሱንም በሁለት ቀለም አስጊጬ ለጥፌዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ከተማሪዎቼ አንዱ እንኳ አጠገቤ ባለመኖሩ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ስንመለስ ጋሼ እኔ አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ስለ ነፋሱ ማውራት ጀምሯል። እሳቸው ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"መምህር፣ ደብተሩ ላይ የጻፍከው እውነት ነበር?"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት ጋሼ።"

ፈገግ አሉ። "እኔ የማላይ ይመስልሃል? ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድቻለሁ። በመስታወት የኋላውን መኪና ርቀት የማውቅ ሰው የገዛ ኳሴ ርቀት ይጠፋኛል? 'የጋሼ ናት' ሲሉ ዝም የምለው ልጆቹን እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው። ዘንድሮ ኳሷን ለመካኒኩ ልሰጥ ወስኜ፣ የምናገረውን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ያን ቅዳሜ አንተ ጥናትህን አነበብክ።"

ይቅርታ ልላቸው ስል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

"እነሱ እንደሚያከብሩኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላምናቸውም" አሉ። "አንተ ግን እንግዳ ነህ። ማንንም አልቀበርኩልህም። ምን ብለህ ትዋሽልኛለህ? አመንኩህ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ አሁንም እችላለሁ፣ የተማረ ሰው ቆጥሮ አረጋገጠልኝ አልኳት።"

በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። ተማሪ ፊት ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ያ ስሕተት በሰሌዳ መጥረጊያ ይጠፋል። እዚህ ግን አንድ ሽማግሌ ለራሳቸው የተቀበሉትን እውነት ከእጃቸው ነጥቄ በምትኩ ውሸት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ውሸቱን እንዲያምኑት ያደረጋቸው ደግሞ የእኔ ምሁርነት ነው። ቀራንዮ ስንደርስ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ረዳቱን አመስግነው ወረዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ የመጀመሪያዋን ኳስ አንስተው ቀረቡ። ሁሉም ግራ ተጋባ። "የመጨረሻዋን መካኒኩ ይወርውር" አሉና፣ ሌላ ሰው አፉን ሳይከፍት ወረወሩ። ኳሳቸው መልካም ቦታ ላይ ቆመች። የቀሩትም ወረወሩ፤ ዙሩ ሲያልቅ የእሳቸው ኳስና የአንዱ ተጋጣሚ ኳስ ከትንሿ ግራና ቀኝ በጣም ተቀራርበው ተገኙ። መካኒኩ እንደ ወትሮው "የጋሼ ናት!" ብሎ ሊሰበስብ ጎንበስ አለ። ተጋጣሚውም "የእርስዎ ናት ጋሼ" አለ።

"እንዳትነኩ!" አሉ ጋሼ። ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ወንበሩ ዞሩ። "መምህር፣ ና ለካ።"

ሲባጎውን ይዤ ተንበረከክሁ። መለካቱ ብዙ አልፈጀም፤ ቀና ማለቱ ግን ፈጀብኝ። በዙሪያዬ የቆሙት ሁሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። በዚያን ጊዜ ዓይን ማንበብ ተምሬ ነበር፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

"አይደለችም ጋሼ" አልኩ።

"በስንት?"

"በሁለት ጣት።"

"ጻፈው" አሉኝ።

ጻፍኩት። መካኒኩ ኳሶቹን ሰብስቦ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ተጋጣሚው ያገኛትን ነጥብ የሰረቃት ይመስል አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ያን ቀን ከሜዳው ስወጣ፣ ከጋሼ በቀር ደህና ዋል ያለኝ ሰው አልነበረም።